የሐይቅ ዓሣ ጭንቅላትና ሆድ ዕቃ ለዶሮ መኖ፦ ያለ ፎርሚክ አሲድ ማብላላት ይቻላል?

የሐይቋ፦

እንደምን ናችሁ። ሐይቅ ከተማ ዓሣ ከሚበልቱት ዘንድ በየሁለት ቀኑ እስከ 40 ኪሎ ጭንቅላት፣ አከርካሪ፣ ቆዳና ሆድ ዕቃ ያለ ዋጋ ይገኛል። የሚበዛው ቀረሶ ነው፤ አምባዛና ካርፕም ይቀላቀልበታል። አሁን የሚደፋው ውሃው ዳር ነው። ውሻና ጅብ ካነሣው የተረፈውን ዝናብ አጥቦ ሐይቁ ውስጥ ይመልሰዋል፤ ይሄ ያንገበግበኛል። ያሉኝ 200 እንቁላል ጣይ ዶሮዎችና ሁለት የወተት ላሞች ናቸው።

በፀሐይ አድርቆ መፍጨቱን አልፈለግሁትም፤ ዝንቡና ሽታው ከጎረቤት ያጣላል። አብላልቶ በበርሜል ማቆየት እንደሚቻል አውቃለሁ። ለዚህ የሚጨመረውን ፎርሚክ አሲድ ግን ሕፃናት ባሉበት ግቢ ማስቀመጥ አልሻም። በሞላሰስ (ከስኳር ፋብሪካ በሚወጣው ወፍራም ጣፋጭ ተረፈ ምርት) እና በእርጎ ብቻ ይሆናል? ስንት ለስንት? መበላሸቱ በምን ይታወቃል? ለ200 ዶሮ በቀን ምን ያህል ይሰጣል? ለላሞቹስ? የምታውቁ በቁጥር ብትነግሩኝ።

ቦርከና ዳር፦

አብሽሪ እህቴ፣ ያለ አሲድ በደንብ ይሆናል። አሲዱን የሚሠሩልሽ ባክቴሪያዎቹ ናቸው፤ አንቺ የሚጠበቅብሽ ቀለባቸውን መስጠት ነው። ወተት ብቻውን የሚረጋው የራሱ ስኳር ስላለው ነው። ዓሣ ግን ፕሮቲን፣ ስብና አጥንት እንጂ ስኳር የለውም ማለት ይቻላል። ስኳር ሳይጨመርበት ቢዘጋ አይብላላም፣ ይበሰብሳል።

ለ40 ኪሎ የዓሣ ተረፈ ምርት 6 ኪሎ ሞላሰስና 1 ሊትር ያልፈላ እርጎ ያዢ። ይህ 15 በመቶ ሞላሰስ ነው። 10 በመቶ ይበቃል የሚል ታገኛለሽ፤ ሥጋ ለሚበዛበት እውነት ነው። ጭንቅላትና አከርካሪ ለሚበዛበት ግን አይበቃም፤ የአጥንቱ ካልሲየም የሚፈጠረውን አሲድ እየበላ ፒኤቹን (የኮምጣጣነቱን ልክ፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ይኮመጥጣል) ወደ ላይ ይመልሰዋል። በሦስተኛው ቀን ጥሩ የነበረ በርሜል በሦስተኛው ሳምንት የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ዓሣው በተበለተበት ዕለት፣ ቢቻል በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይሠራ። መሽተት የጀመረን ማብላላት አያድነውም፤ አሲዱ ብስባሹን ያቆመዋል እንጂ የተፈጠረውን መርዝ አያጠፋውም። ቁርጥራጩ ከ1 ሴንቲሜትር እንዳይበልጥ፣ በስጋ መፍጫ ማሽን የወጣ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ድፍን ጭንቅላት ከገባ አሲዱ ወደ መሃሉ ሳይደርስ ውስጡ ይሸታል። ውሃ አይጨመርም። ብርድ ሆኖ ሞላሰሱ አልፈስ ካለ ብቻ ፈልቶ ለብ ባለ አንድ ሊትር ውሃ አላልተሽ እርጎውን እዚያው ላይ ቀላቅዪ፤ ትኩስ ውሃ እርጎው ላይ ከፈሰሰ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። ከዚያ ከተፈጨው ዓሣ ጋር ታችና ላዩ አንድ እስኪሆን ማማሰል ነው። ሞላሰስ ያልነካው ጥግ ካለ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ዕቃው 60 ሊትር የሚይዝ፣ አፈ ሰፊ ፕላስቲክ በርሜል ይሁን፤ ጸረ ተባይ ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበት ፈጽሞ አይሆንም። ብረትና ዚንክ የተለበጠ ባልዲ አሲዱ ይበላውና ወደ መኖው ይገባል። ከአራቱ እጅ ሦስቱን ብቻ ሙዪው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አረፋው ይነሣል። ላዩን ንጹሕ ላስቲክ አልብሰሽ በታጠበ ድንጋይ ተጫኚው፣ አየር የሚነካው ገጽ ነው የሚሻግተው። ክዳኑን በስተሽ የሴረም ቱቦ አስገቢ፣ ዙሪያውን በማስቲሽ ድፈኚ፣ የቱቦውን ሌላ ጫፍ ውሃ ባለበት ጠርሙስ ንከሪው። ጋዙ ይወጣል፣ አየር ግን አይገባም። ያለ ቱቦ ጥርቅም አድርጎ መዝጋት በርሜሉን ያሳብጠዋል፣ ክዳኑንም ሊያስፈነጥር ይችላል።

የፒኤች ወረቀት ሳይኖርሽ አትጀምሪ። ቀይና ሰማያዊ ብቻ የሚያሳየው ሊትመስ አይጠቅምም፤ ከ3 እስከ 6 ያለውን በግማሽ በግማሽ የሚለይ ይሁን። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ባለበት ቦታ በ2 ወይም በ3 ቀን ከ4.5 በታች መውረድ አለበት። 4.5 ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም፤ የቦቱሊዝም መርዝ የሚያመነጨው ባክቴሪያ ከ4.6 በታች አያድግም። ደህና የሆነ በርሜል የሚሸተው ኮምጣጣና ሞላሰስ ሞላሰስ ነው፣ የዓሣው ሽታ ከበስተኋላ ይመጣል። የአሞኒያ ወይም የተበላሸ እንቁላል ሽታ ከመጣ ገና ስላላበቃ አይደለም፣ ተበላሽቷል።

ጦሳ፦

ቦርከና ዳር ያለው ትክክል ነው፤ ማፍላቱን ግን ዘሎታል፣ እኔ ደግሞ ለእሷ ሁኔታ ግድ ነው እላለሁ። ሦስት ምክንያት አለኝ።

መጀመሪያ፣ ከሆድ ዕቃው ጋር ሳልሞኔላና ብዙ አበስባሽ ባክቴሪያ ይመጣል። ከፈላ በኋላ 30 ደቂቃ የተቀቀለ ዓሣ ውስጥ እርጎው ያለ ተፎካካሪ ይሠራል። ሁለተኛ፣ ጥሬ ካርፕ ታያሚኔዝ የሚባል ቪታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ኢንዛይም አለው፤ ሙቀት ያጠፋዋል። ሦስተኛውና ለኪስ የሚበጀው፣ የተቀቀለ ጭንቅላት ይለሰልሳል። ጥሬ የአምባዛ ጭንቅላት የእጅ መፍጫ ይሰብራል እንጂ አይፈጭም፤ ከተቀቀለ ግን በእንጨት ሙቀጫ ይወቀጣል፣ ማሽን አያስፈልግም።

ሲፈላ ከላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት በጭልፋ ግፈፊው። የሆድ ዕቃ በተለይ ስብ ይበዛዋል፤ እንቁላል ዓሣ ዓሣ እንዲል የሚያደርገው ይኸው ስብ ነው። የተቀቀለበትን ውሃ አትድፊው፣ ፕሮቲን አለበት፤ ግን ሲጀመር ድስቱ እንዳያር የሚበቃ ትንሽ ውሃ ብቻ ይግባ፣ አለዚያ ሞላሰሱ ይቀጥንና አሲዱ ይዘገያል። እርጎው የሚገባው እጅ ሳያቃጥል ሲቀር፣ ማለትም ከ40 ዲግሪ በታች ሲሆን ነው።

ሌላ አንድ ነገር፦ ከጥቅምት እስከ ጥር የሐይቅ ሌሊት ይበርዳል፣ ደሴ ደግሞ ይብሳል። 15 ዲግሪ ላይ የሦስት ቀኑ ሥራ ሳምንትም ሊያልፍ ይችላል፤ በዚያ መሃል አበስባሹ ይቀድማል። በርሜሉን ወጥ ቤት አስገቢው ወይም በጭድ በተሞሉ ጆንያዎች ዙሪያውን ክበቢው።

ቦርከና ዳር፦

ስለ ካርፑ እስማማለሁ፤ ካርፕ ካለበት ይቀቀል። ቀረሶ ብቻ ከሆነና ዕለቱን ከተፈጨ ግን ጥሬውን እመርጣለሁ። የሆድ ዕቃው ኢንዛይም ሥጋውን እያሟሟ ወደ ፈሳሽ ይለውጠዋል፣ ለዶሮዋ መፈጨት ይቀላል፤ ቅቅሉ ይህን ያጣል፣ እንደ ገንፎ ወፍራም ሆኖ ይቀራል። ማገዶውም ቀላል ወጪ አይደለም። ጥሬውን የሚሠራ ሰው ፒኤቹ 4.2 እና ከዚያ በታች ሆኖ ቢያንስ 14 ቀን ሳይቆይ እንዳይከፍተው።

ከመጀመሪያው በርሜል በኋላ እርጎ መግዛት የለም። ደህና ከሆነው 4 ኪሎ ለሚቀጥለው 40 ኪሎ እርሾ ይሆናል፤ ዓሣ የለመደ ባክቴሪያ ስላለበት ከእርጎው ይፈጥናል። ከላይ ሳይሆን ከመሃሉ ቅጂው።

የሐይቋ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። እንግዲህ ካርፑ ስለማይለይ ቀቅዬ ነው የምሠራው። ያስቸገረኝ ሞላሰሱ ነው፤ አንዳንዴ ይገኛል፣ ብዙ ጊዜ የለም። አተላ ግን በሽ ነው። በሞላሰሱ ፋንታ የጠላ አተላ ቢገባስ? ኮምጣጣ አይደል?

መርሳ፦

አተላ አይተካውም። ኮምጣጣ ነው፣ ግን ስኳሩን እርሾው በልቶ ጨርሶት የቀረ ነው። የሚቀረው ፕሮቲን፣ ቃጫና ውሃ ነው፤ ያ ውሃ በርሜልሽን ያቀጥነዋል። አተላውን ለላሞቹ ተዪላቸው፤ የአረቄ አተላ ከሆነ አልኮሉ እስኪወጣ ክፍት አድርገሽ አሳድሪው።

ሞላሰስ የሚተካው ከቤትሽ የማይጠፋው ብቅል ነው። የማሽላ ወይም የበቆሎ ዱቄት ብቻውን አይሠራም፤ በውስጡ ያለው ስታርች ስለሆነ አብዛኛው የእርጎ ባክቴሪያ አይበላውም። ብቅሉ ግን ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቆርጥ ኢንዛይም አለው።

ለ40 ኪሎ ዓሣ 8 ኪሎ የማሽላ ዱቄት በ20 ሊትር ውሃ በደንብ የበሰለ ገንፎ አድርጊው። ከእሳት አውርጂውና ወደ 60 ዲግሪ ይብረድ። ቴርሞሜትር መግዛት ይሻላል፣ ልኩ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው፦ ከ70 በላይ ከሆነ የብቅሉ ኢንዛይም ይሞታል፣ ከ45 በታች ከወረደ ሥራው ይጓተታል፣ ሌላ ባክቴሪያም ይገባበታል። 1 ኪሎ የተፈጨ የገብስ ብቅል ጨምረሽ አማስዪ፣ ድስቱን በብርድ ልብስ ጠቅልለሽ 3 ሰዓት ተዪው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ገንፎው ሲቀጥን ታዪዋለሽ፤ በመጨረሻ ጣዕሙ ጣፋጭ መሆን አለበት። ካልጣፈጠ ወደ ዓሣው አይግባ፤ ብቅሉ አርጅቷል ወይም ሙቀቱ አልተጠበቀም ማለት ነው። ሲሆንልሽ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ባለበት ጊዜ እርጎውን ጨምረሽ ከዓሣው ጋር ታዋህጂዋለሽ።

የማሽላ ብቅል አትጠቀሚ። የማሽላ ቡቃያ ሳያናይድ የሚያወጣ ነገር አለው፤ የገብሱ ይሄ ችግር የለበትም።

በዚህ መንገድ ውሃ ስለሚበዛ በርሜሉ 100 ሊትር የሚይዝ ይሁን፣ ፒኤቹንም በየቀኑ እዪ። በሦስተኛው ቀን ከ4.5 በላይ ከሆነና ሽታው ገና ደህና ከሆነ 2 ኪሎ ሞላሰስ ወይም ስኳር ጨምረሽ አማስለሽ ዝጊው። በአምስተኛው ቀንም ከ5 በላይ ከሆነ አትልፊ፣ በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሪው። ለዶሮም ለውሻም አይሰጥ። ቦቱሊዝም ያገኛት ዶሮ አንገቷ ይልፈሰፈሳል፣ መቆም ያቅታታል፤ እዚያ ከደረሰ መድኃኒት የለም።

ቆቦ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ የበሰለ በለስ ከሐምሌ እስከ መስከረም ሲረክስ እየጨመቃችሁ መጠቀም ትችላላችሁ፤ ነገር ግን ስኳሩ ከመቶ 12 ገደማ እንጂ እንደ ሞላሰስ ግማሽ አካሉ ስኳር አይደለም፣ ስለዚህ ብዙ ይፈልጋል፣ ብዙ ውሃም ያመጣል። የሞላሰሱ ጭማሪ ሊሆን ይችላል፣ መተኪያው አይሆንም።

የመኖ ቀማሚ፦

አሁን ወደ ዶሮዋ አፍ እንምጣ። እዚህ ላይ ብዙዎች ይስታሉና ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ሒሳቡ በሞላሰስ ለተሠራው ነው።

40 ኪሎ ዓሣ፣ 6 ኪሎ ሞላሰስና 1 ሊትር እርጎ 47 ኪሎ ይሆናል። ይህን ከ47 ኪሎ የስንዴ ፉርሽካ ጋር አሽተሽ በሸራ ላይ ከ2 ሴንቲሜትር በማይበልጥ ውፍረት አስጪው፣ በቀን ሦስት አራቴ ገልብጪው። በፀሐያማ ቀን በሁለት ቀን ይደርቃል። በእጅ ሲጨበጥ ሳይያያዝ ከተበተነና ሲሰበር ድምፅ ካለው ደርቋል፤ እርጥበቱ ከ12 በመቶ በታች ካልሆነ በጆንያ ውስጥ ይሻግታል። በዚህ መልክ የሚወጣው ወደ 63 ኪሎ የሚጠጋ ሲሆን ፕሮቲኑ 20 ወይም 21 በመቶ ገደማ ይሆናል።

ከ100 ኪሎ የእንቁላል ጣይ መኖ ውስጥ ይህ ድብልቅ 20 ኪሎ ይሁን። ቀሪው 47 ኪሎ በቆሎ፣ 14 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ 9.2 ኪሎ የተቆላ አኩሪ አተር፣ 9 ኪሎ የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ ግማሽ ኪሎ ቪታሚንና ማዕድን ፕሪሚክስ፣ 300 ግራም ጨው። ፕሮቲኑ 16 በመቶ ላይ ያርፋል። ፎስፈረስ ከዓሣው አጥንት ስለሚመጣ ለብቻ የሚገዛ የፎስፌት ማዕድን አልጨመርኩም። ዓሣው ሲሠራ ጨው ከገባበት ግን 300 ግራሟን ቀንሺ፤ ጨው የበዛባት ዶሮ ውሃ ታበዛለች፣ ጉዝጓዙ ይረጥባል።

20 በመቶ ላይ የማቆመው በስቡ ምክንያት ነው። በጠቅላላው መኖ ውስጥ የዓሣ ስብ ከ1 በመቶ ሲያልፍ እንቁላሉ መሽተት ይጀምራል፣ ይህ ድብልቅ ደግሞ ስቡ ካልተገፈፈ ልክ እዚያ ወሰን ላይ ነው። አምባዛና ሆድ ዕቃ የበዛበት በርሜል ከሆነ ወደ 10 ኪሎ አውርጂው፣ የጎደለውን በፋጉሎና በአኩሪ አተር ሙዪ። ለበዓል የምትሸጫቸው ካሉ ከመታረዳቸው ሁለት ሳምንት በፊት ዓሣውን አቁሚላቸው። ለጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ባይሰጥ ይሻላል። ለትልልቆቹም በአንዴ አይቀየር፤ ከ5 ኪሎ ጀምሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ 20 ማድረስ ነው፣ አለዚያ መኖ ይጠላሉ፣ እንቁላል ይወርዳል።

አሁን የሒሳቡን ፍሬ ተመልከቺ። 200 ዶሮ በ120 ግራም በቀን 24 ኪሎ ይበላል፤ ከዚያ ውስጥ የዓሣው ድብልቅ 4.8 ኪሎ ነው። አንድ 40 ኪሎ ዓሣ ለ13 ቀን ይበቃሻል! አንቺ ጋ በየሁለት ቀኑ ይመጣል። ስለዚህ የሚያንስሽ ዓሣ አይደለም፤ ፀሐይ፣ ሞላሰስና ጉልበት ነው። በየሁለት ሳምንቱ አንድ በርሜል ሥሪ፤ የቀረውን ሌሎች ዶሮ አርቢዎች ቢካፈሉት የሐይቁም ዳርቻ ይጸዳል፣ አንቺም ብቻሽን አትጨነቂም። በተለይ የመጀመሪያውን ከ5 ሊትር ጀሪካን ባልበለጠ ሞክሪው።

ቦርከና ዳር፦

ለላሞቹ ዓሣውን አልመክርም። ወተት ሽታ ቶሎ ይቀበላል፤ ፕሮቲኑንም ዶሮዋ የተሻለ ዋጋ ታወጣበታለች። ላሞቹን በሌላ አብላልተሽ መግቢያቸው፤ ኮምቦልቻ ከቢራ ፋብሪካው የሚወጣው የቢራ አተላ አለልሽ። ችግሩ ከመቶ 75 እስከ 80 እጁ ውሃ በመሆኑ በሙቀት በሁለት ሦስት ቀን ይበላሻል። በመጣበት ዕለት ለ100 ኪሎው 8 ኪሎ ፉርሽካ፣ 3 ኪሎ ሞላሰስና ግማሽ ኪሎ ጨው ቀላቅለሽ፣ በወፍራም ላስቲክ በተሸፈነ ጉድጓድ ወይም በበርሜል ውስጥ በስስ ንብርብር እየረገጥሽ ሙዪ። መርገጡ ላይ አትሰልቺ፤ በመሃል የቀረ አየር ሻጋታ ነው። ሦስት ሳምንት ተዘግቶ ይቆይ። ለአንድ የምትታለብ ላም በቀን ከ8 እስከ 10 ኪሎ ከጤፍ ጭድ ወይም ከተከተፈ የማሽላ አገዳ ጋር ይሰጣል። ሻጋታ ያየሽበትን ክፍል ከነዙሪያው አንሺና ጣይ፤ የሻጋታው መርዝ ወደ ወተቱ ያልፋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጭድ በዩሪያ የምታክሙ ሰዎች ይህንን ከዚያ ጋር አታቀላቅሉት። ዩሪያ አሞኒያ ሆኖ ይሠራል፣ አሲዱን ይገድለዋል። ዩሪያ ለዶሮ ደግሞ መርዝ ነው።

የሐይቋ፦

ቁጥሩ እንዲህ ሲቀመጥ ዓይኔ በራ። የቀረኝ ክረምቱ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ማስጣት የማይታሰብ ነው፣ በበልጉም ዝናቡ ያቋርጠኛል።

ጦሳ፦

በዝናብ ወራት አታድርቂው። ፒኤቹ ከ4.5 በታች ሆኖ የተዘጋ በርሜል ወራት ይቆያል፤ በወር አንዴ ለክተሽ 4.3 ከደረሰ ግማሽ ኪሎ ሞላሰስ ጨምረሽ አማስለሽ ዝጊው። ለ200 ዶሮ ለቀን የሚሆን 3.5 ኪሎ እርጥቡን ቅጂ፣ 3.5 ኪሎ ፉርሽካ ውስጥ አሽተሽ ከቀረው ደረቅ መኖ ጋር ቀላቅዪና ጠዋት ስጪ። እስከ ከሰዓት ተበልቶ ካላለቀ መጠኑን ቀንሺ፤ ገንዳ ውስጥ ያደረ እርጥብ መኖ አይሰጥም፣ ገንዳውም በየማታው ይታጠባል። በቀዳሽ ቁጥር ላስቲኩንና ድንጋዩን መልሺ። በርሜሉ ሲጋመስ ደግሞ የቀረውን ወደ ትንሽ ዕቃ አዛውሪው፤ ከላይ የሚቀረው አየር እየሰፋ በሄደ ቁጥር ሻጋታው ይፈጥናል።